የፍለጋ መረጃ ቅኝት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ የጎግል ትሬንድስን (አንድ ቃል በጎግል ምን ያህል እንደሚፈለግ የሚያሳየውን መሣሪያ) መስመር እያሳየ «የላይም በሽታ አሜሪካ ውስጥ መቶ በመቶ ደርሷል» ሲል ጽፎ አየሁ። ላይም በመዥገር ንክሻ የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ነው። ይህን ስሕተት ደጋግሜ አይቼ ዝም ብያለሁ፤ አሁን ግን በቃኝ።

የፍለጋ መረጃ ቅኝት ሰዎች ስለ መዥገር ንክሻ፣ ስለ ሽፍታ ወይም ስለ ላይም በኢንተርኔት የሚጠይቁትን በጊዜና በቦታ መከታተል ነው። የሚለካው ጥያቄ እንጂ ሕመምተኛ አይደለም። 100 የሚባለውም በመረጣችሁት ዘመንና ቦታ ውስጥ ቃሉ ከጠቅላላው ፍለጋ ትልቁን ድርሻ የያዘበት ጊዜ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእርሱ አንጻር ይቀመጣል። ዘመኑን አስፍታችሁ ብትጠይቁ የትናንቱ 100 ዛሬ 40 ሊሆን ይችላል፤ አንድም ሰው ሳይድን።

ሌሊት የሰፈር ውሻ ሲጮህ አስቡ። አንድ ነገር አጥሩን መጠጋቱን ከዘበኛው ቀድሞ ይነግረናል። ስንት ጅብ እንደመጣ ግን አይነግረንም። ውሻ ለእንግዳም ይጮሃል፤ ሌላ ውሻ ስለጮኸም ይጮሃል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ዘፋኙ ጀስቲን ቢበር ላይም እንደያዘው ሲናገር ፍለጋው በአንድ ጊዜ አሻቀበ። ወሩ የብርድ ወር ነው። ብዙውን ሰው የምታስይዘው ገና ያላደገችው መዥገር፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጠው፣ በዋናነት የምትነክሰው ከሜይ እስከ ጁላይ ባለው ጊዜ ነው። የጮኸው ውሻ ለወሬው ነበር።

ውሻ የሌለበት ሰፈርም አለ። በአገራችን በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ የሚመጣው ከላይም ባክቴሪያ ዘመድ ነው፤ ይበልጥ የሚያጠቃውም በተጨናነቀ ማደሪያ የሚያድረውን ድኻ ነው። እርሱ ጎግልን አይጠይቅም። ዝምታውን ጤና ነው ብሎ ማንበብ ሰው ይገድላል።

ጎግል ራሱ ይህን ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው፣ ከፍለጋ ተነሥቶ የኢንፍሉዌንዛን ስርጭት የሚገምተው ፍሉ ትሬንድስ በ2012–13 ወቅት ኢንፍሉዌንዛን እጥፍ ያህል አጋንኖ ገመተ፤ በ2015 ግምቱን ማውጣት አቆመ።

ማንም ባይጠይቀኝም አንድ ነገር ልጨምር፦ ጠዋት ተነሥቶ የጅቡን ዱካ የሚቆጥረው፣ ማለትም ይፋዊው የሕመምተኞች ቆጠራም ቢሆን ያለ እንከን አይደለም። በ2022 በአሜሪካ 62,551 የላይም ሕመምተኞች ተመዘገቡ፤ ይህ ከ2017–2019 ዓመታዊ አማካይ 1.7 እጥፍ ነው። ዋናው ምክንያት የመዥገር መብዛት ሳይሆን የአመዘጋገብ ደንቡ መለወጡ ነው። በሽታው በሚበዛባቸው ግዛቶች የላቦራቶሪ ውጤት ብቻውን ለምዝገባ እንዲበቃ ተደርጎ ነበር።

ታዲያ ፍለጋው ምን ይጠቅማል? ይፋዊው ቆጠራ ወራት ሲዘገይ ፍለጋው በቀናት ውስጥ ይታያል። የመዥገር ወቅት ቀድሞ መግባቱን ሊጠቁም ይችላል። ያን ጊዜ ባለሙያው ወደ ጫካው ወጥቶ ነጭ ጨርቅ በሣሩ ላይ እየጎተተ የሚጣበቁትን መዥገሮች ይለቅማል፤ የትኞቹ ባክቴሪያውን እንደያዙም ያስመረምራል። ጩኸቱ መነሻው ነው፤ ማረጋገጫው ጨርቁ ላይ ነው።

ይህን ያህል የምቆጣው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን አዝኜ ነው። በጃንዋሪ በባዶ ቁጥር የተደናገጠ ሰው በጁን ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ላያምን ይችላል፤ የልጁን የጉልበት ጀርባ፣ ብብትና የፀጉር ሥር በየምሽቱ መፈተሽ የሚያስፈልገው ግን በጁን ነው። ተጣብቃ 24 ሰዓት ሳይሞላት የተነቀለች መዥገር ላይም የማስያዝ ዕድሏ በጣም ዝቅተኛ ነው።