ጭንቀትን መጻፍ፦ የሚባለውና እውነታው

ባለፈው ቡና ላይ ለአንዲት ጓደኛዬ "ሲጨንቀኝ እጽፋለሁ" ብላት ሳቀችብኝ። "ዲያሪ? አንተ? የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆንክ እንዴ!" አለችኝ። አልፈርድባትም። እኛ ጋ ዲያሪ ማለት ፍቅር የያዛት ተማሪ ፍራሽ ስር የምትደብቀው፣ ሽፋኑ ላይ ልብ የተሳለበት ደብተር ነው። የትልቅ ሰው ጭንቀት ደግሞ "ሆድ ይፍጀው" ተብሎ ይታለፋል። ያን ቀን ከተከራከርንባቸው ጥቂቶቹን ላንሳ።

"በየቀኑ ካልጻፍክ ዋጋ የለውም"

ብዙ ሰው የሚያቆመው በዚህ ነው። መስከረም 1 አዲስ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይገዛል። ለመስቀል ሦስት ገጽ ተጽፎበታል። ኅዳር ላይ የሱቅ ዱቤ መመዝገቢያ ሆኗል።

እንደ ፈረንጆቹ በ1986 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በነሱ አቆጣጠር ናቸው) ጄምስ ፔኔቤከር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከአንዲት ባልደረባው ጋር አንድ ጥናት አሳተመ። 46 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በቀን 15 ደቂቃ፣ ለ4 ተከታታይ ቀናት አጻፏቸው። በቃ፣ ይኸው ነው። አንዳንዶቹ በሕይወታቸው ስለገጠማቸው ከባድ ነገር ጻፉ፤ ሌሎቹ ስለ ተራ ነገር። በቀጣዮቹ ስድስት ወራት የገጠማቸውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት ተማሪዎች ወደ ግቢው ክሊኒክ የሄዱት ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ባነሰ ቁጥር ነበር።

"ስትጽፍ ወዲያው ቅልል ይልሃል"

አይልም። እነዚያ ተማሪዎችም ጽፈው ሲነሱ ስሜታቸው የባሰ ከፍቶ፣ የደም ግፊታቸውም ጨምሮ ነበር። ጥቅሙ የመጣው ቆይቶ ነው።

እኔም አይቼዋለሁ። የድሮ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ አለቃዬ ስብሰባ ላይ አዋረደኝ። ማታ ያለኝን ቃል በቃል ጻፍኩት። እስክሪብቶው ወረቀቱን በስቶት ነበር። ከዚያ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ከዚያ ወዲህ ከባድ ነገር የምጽፈው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው።

"ዋናው መዘርገፍ ነው"

በኔ አስተያየት ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ "ናቀኝ፣ ሰደበኝ፣ ተጫወተብኝ" እያሉ መጻፍ ያው ቁስል መነካካት ነው። ፔኔቤከር በኋላ ጽሑፎቹን ቃል በቃል ሲመረምር፣ ይበልጥ የተጠቀሙት ቀን በቀን ምክንያት የሚፈልጉ፣ አንድ ነገር እንደገባቸው የሚያሳዩ ቃላት እየጨመሩ የሄዱት ሆነው አገኛቸው። እሱ ያየው በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ግን ለዚህ የተሠራች የምትመስል አንዲት ቃል አለችው፦ "ለካ"። እኔ በሦስተኛው ቀን ገጼ ላይ ብቅ ያለችው እሷ ናት። "ለካ ያናደደኝ የሱ ስድብ አይደለም። እኔ ዝም ማለቴ ነው።"

እያመነዠከ ለሚያድር ሰውማ መጻፉ ሊብስበትም ይችላል። በ2013 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት በቅርቡ ከትዳር የተለዩ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ነገር የሚያብሰለስሉት ስለ ስሜታቸው በጥልቀት ከሚጽፉ ይልቅ የቀን ውሏቸውን ብቻ ቢጽፉ ይሻላቸው ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር ስትጽፉ ከውስጥ እየበጠበጣችሁ ከመጣ ተዉት። ግዴታ የለም።

"አንዴ ከተጻፈ መቀመጥ አለበት"

ማን አለ? ሰው ያነብብኛል ብሎ የፈራ ሰው እውነቱን አይጽፍም፤ ለአንባቢው ያሳምራል። እኔ ቀድጄ ከሰል ማያያዣ አደርገዋለሁ። ያ የአለቃዬ ገጽ ጥሩ ቡና አፍልቷል። ፊደል ስለ መሳሳት፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ስለ መቀላቀል የሚጨነቅ ካለም መልሱ ይኸው ነው፤ እሳት ሰዋስው አያርምም።

"ከጻፍክ ሐኪም አያስፈልግህም"

በ2006 አንዲት ተመራማሪ 146 ጥናቶችን አንድ ላይ ስትመዝን ጥቅም አገኘች፤ በአማካይ ግን ትንሽ ነው። ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ያለው፣ ወይም "ብሞት ይሻለኛል" የሚል ሐሳብ የሚመላለስበት ሰው ደብተር ይዞ አይቀመጥ። ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገር፤ ሐኪም ቤት ይሂድ።

"የሚጻፈው ሐዘን ብቻ ነው"

ጓደኛዬን በመጨረሻ ዝም ያሰኘኋት በዚህ ነው። በ2018 በወጣ ጥናት፣ ከመተኛታቸው በፊት 5 ደቂቃ ያህል መሥራት ያለባቸውን ነገር የዘረዘሩ ወጣቶች፣ የሠሩትን ከዘረዘሩት በአማካይ 9 ደቂቃ ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። በደንብ በዝርዝር የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ፈጠኑ።

የኔ የትናንት ማታው እንዲህ ይላል፦ "ኪራይ ማስገባት። የእማዬን የግፊት መድኃኒት መግዛት፣ ሊያልቅ ሁለት ፍሬ ቀርቶታል። ቧንቧ ሠሪው ጋ መደወል፣ ለሦስተኛ ጊዜ።"