ብሉዝ ምንድን ነው? ለቅሶ ቤት አይደለም

ቅዳሜ ማታ የአንድ ሰዓት የሬዲዮ ሙዚቃ አሰናዳለሁ። ሩትስ፣ ካንትሪ፣ ብሉዝና ጃዝ ተቀላቅለው የሚሄዱበት ሰዓት ነው። ባለፈው ሳምንት የካንትሪ ዘፋኙን የሀንክ ዊሊያምስን አንድ ዘፈን ከካውንት ቤዚ የጃዝ ኦርኬስትራ ጋር አያይዤ አሰማሁ። ብዙም ሳይቆይ አንድ አድማጭ ጻፈልኝ። «ብሉዝ ብለህ ካውቦይ ታሰማናለህ? ብሉዝ እኮ የሀዘን ዘፈን ነው። የፈረንጅ ትዝታ ማለት ነው።»

ይህን አባባል ስንቴ እንደሰማሁት ቆጥሬ አላውቅም። የቴሌቪዥን እንግዶች ይሉታል። የኮንሰርት ማስታወቂያ ላይም አንብቤዋለሁ። ቀስ ያለ ዘፈን ሁሉ፣ የተከዘ ዘፈን ሁሉ «ብሉዝ» ይባላል። አድማጬ በክፋት እንዳልጻፈው አውቃለሁ። ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ይሄ ስህተት የሙዚቃውን ግማሽ ከጆሯችን ያስቀርብናል።

«የፈረንጅ» ከሚለው ልጀምር። ብሉዝን የፈጠሩት ከባርነት የወጡ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። የአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮች። ባለቤቱን በስሙ መጥራት ደግ ነው።

ቀጥሎ «የሀዘን» የሚለው። ብሉዝ መጀመሪያ የቅርጽ ስም ነው። ቅርጹን ለማስረዳት ከቡና የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አንድ ቡና ነው፣ ሦስት ጊዜ ይቀርባል። የተለመደው የብሉዝ ግጥምም ሦስት ስንኝ ነው። የመጀመሪያው አቦል ነው፤ ነገሩን ያነሳል። ሁለተኛው ቶና ነው፤ ያው ዱቄት፣ አዲስ ውሃ። ዘፋኙ የመጀመሪያውን ስንኝ እንዳለ ይደግመዋል፣ ከስሩ ግን ኮርዱ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱት አጃቢ ድምጾች፣ ተቀይሯል። ስለዚህ ያው ቃል ሌላ ጣዕም ይዞ ይመጣል። ሦስተኛው በረካ ነው። ነገሩ የሚቋጨው እዚያ ላይ ነው። በአማርኛ አንድ ልሞክር፦

ሌሊቱን በሙሉ ባቡሩን ጠበቅኩት፣
ሌሊቱን በሙሉ ባቡሩን ጠበቅኩት፣
ሲነጋ ቢመጣ ትኬቴን ረሳሁት።

አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ድግግሞሹ ለምን እንደሚጠቅም ወዲያው ይገባዋል። አንዱ «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል። እያዜመ ያስባል። የብሉዝ ዘፋኝም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ እየደገመ ሦስተኛውን ይፈልጋል።

እኔ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ስለሆንኩ ነገሩን ከታች ነው የምሰማው። አራት ምት አንድ ባር ነው። እያንዳንዱ ስንኝ አራት ባር ይወስዳል። ሦስት ጊዜ አራት፣ አስራ ሁለት። ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ የሚባሉትን ሦስት ኮርዶች ይዘን ከ‹ሲ› ብንነሳ የመጀመሪያው አራት ባር ሲ ላይ ይቆያል። ከዚያ ሁለት ባር ኤፍ፣ ሁለት ባር ተመልሶ ሲ። ከዚያ አንድ ባር ጂ፣ አንድ ባር ኤፍ፣ ሁለት ባር ሲ። አለቀ። እንደገና ከመጀመሪያው። ድምጻዊው ከአራቱ ባር ሁለቱን ያህል ብቻ ይዘፍናል። የቀረውን ለጊታሩ ወይ ለትራምፔቱ ይተውለታል። እሱ ይናገራል፣ መሳሪያው ይመልስለታል። ይህን ክፍተት ማክበር የማይችል ጊታሪስት ብሉዝ መጫወት አይችልም፤ ጣቱ የቱንም ያህል ቢፈጥን።

አሁን ወደ ቡናው ልመለስ። ቡና ለቅሶ ቤት ይፈላል። ክርስትናም ላይ ይፈላል፣ ሰርግም ላይ፣ እንዲሁ ጎረቤት ሲሰበሰብም። ለቅሶ ቤት ስለተጠጣ «ቡና ማለት ሀዘን ነው» ያለ ሰው አላውቅም። ሉዊስ ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ1946 ያስቀረጸው «ሌት ዘ ጉድ ታይምስ ሮል» አስራ ሁለት ባር ብሉዝ ነው። ነገሩ በሙሉ ገንዘብ ይዘህ ውጣ፣ ተደሰት፣ ሕይወት አንድ ናት የሚል ነው። ቹክ ቤሪ በ1958 ያወጣው «ጆኒ ቢ ጉድ»ም መቀመጫው ይኸው አስራ ሁለት ባር ነው። እሱን ሰምቶ ያለቀሰ ሰው ካለ ያሳዩኝ።

አድማጬን ያስቆጣው የሀንክ ዊሊያምስ ዘፈንም «ሙቭ ኢት ኦን ኦቨር» ነበር። በ1947 የወጣ ነው። ሰውየው አምሽቶ ይመጣል፣ ሚስቱ በሩን ዘግታበታለች። ወደ ውሻው ቤት ሄዶ ውሻውን ጠጋ በልልኝ ይለዋል። ቁጠሩት። አስራ ሁለት ባር ነው። ሀንክ ነጭ ነው፣ ባርኔጣ ያደርጋል፣ በአፍንጫው ይዘፍናል። ግን በአላባማ ልጅ ሳለ ጊታር ያሳየው ሩፉስ ፔይን የሚባል ጥቁር የመንገድ ሙዚቀኛ ነበር። ሰው «ቲ ቶት» ይለው ነበር። ሀንክ ራሱ ሙዚቃን ከእሱ እንደተማረ ተናግሯል።

ቡናውን በየቤቱ የሚጨመርበት ይለየዋል። አንዱ ስኳር ያደርጋል፣ ገጠር ጨው ይደረጋል፣ አንዳንዱ ቅቤ። ጤና አዳም የሚነክርም አለ። ካንትሪው በፊድልና በስቲል ጊታር ያቀርበዋል። ጃዙ ደግሞ ጤና አዳሙን ያበዛል። ሳክስፎን ተጫዋቹ ቻርሊ ፓርከር በ1945 «ናውስ ዘ ታይም»ን ሲያስቀርጽ አስራ ሁለቱን ባር አልነካም። በ1951 «ብሉዝ ፎር አሊስ» ላይ ግን ሦስት ኮርድ ይበቃ የነበረበትን ቦታ በብዙ ኮርድ ሞላው። ጀበናው ያው ጀበና ነው። አስራ ሁለተኛው ባር ላይ ሁሉም አንድ ላይ ቤት ይገባሉ። የካውንት ቤዚ «ዋን ኦክሎክ ጃምፕ»ም ያው ነው፣ 1937። ሁለቱን ዘፈኖች ያያያዝኳቸው ለዚህ ነበር።

ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። በረካ ቀጭን ነው። የብሉዝ ሦስተኛ ስንኝ ግን ከሁሉም የወፈረው ነው። ይህን ሳልናገር ባልፍ የቡና ሰው ይታዘበኛል።

ሌላም መናገር ያለብኝ ነገር አለ፤ የሙያ ነገር ሆኖ አላስችል ይለኛል። አስራ ሁለት ሕግ አይደለም። ስምንት ባር ብሉዝ አለ፣ አስራ ስድስትም አለ። የብሉዝ ዘፋኙና ጊታሪስቱ ጆን ሊ ሁከር ብቻውን ሲጫወት አንድ ኮርድ ላይ እግሩን እየመታ ደስ እስኪለው ይቆያል፣ ሲያሻው ይቀይራል። እንዲህ ያለ ሰው አጅቤ አውቃለሁ። ቁጥር ይዘህ ከሄድክ ትጠፋለህ። አይንህ የሰውየው ግራ እጅ ላይ መሆን አለበት። «ብሉዝ» የሚል ስም ያለው ሁሉም ብሉዝ አይደለም። «ላይምሀውስ ብሉዝ» ስሙ ነው እንጂ ቅርጹ ሌላ ነው፣ ሰላሳ ሁለት ባር።

እንዲያ ከሆነ አንድ ኮርድ ላይ የቆመውን ሁከርን ብሉዝ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ድምጾቹ ናቸው። ከዶ ሲቆጠር ሦስተኛውና ሰባተኛው ድምጽ ዝቅ ብለው፣ በፒያኖ ሁለት ቁልፎች መሀል ያለ ቦታ ላይ ይቀመጣሉ። ፒያኖ ያንን ቦታ የለውም፤ ፒያኒስቱ ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ እየጨፈለቀ ይጠጋዋል። ጊታሪስቱ ክሩን ይገፋል፣ ወይም የጠርሙስ አንገት ጣቱ ላይ አጥልቆ ያንሸራትታል። ማሲንቆ ለሚመታ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ጣቱ ክሩ ላይ የትም መቆም ይችላል።

እዚህ ላይ ትዝታ ይመጣል። «ትዝታ የኛ ብሉዝ ነው» የሚሉ ሰዎች ስሜቱን ነው የሚያወሩት። ናፍቆቱን፣ ለብቻ መቆዘሙን። በዚያ አልጣላም። ግን ቅኝት ቅኝት ነው። ሙሉው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ይህ ድምጽ አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚገኘው የካንትሪና የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ዜማ ላይ ነው። ግማሽ ትዝታ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ዝቅ ያደርጋል። ያ ዝቅ ያለ ስድስተኛ ድምጽ ደግሞ ከተለመደው የብሉዝ ቅኝት ውስጥ የለም። ዘመድ ፍለጋ ከሆነ ባቲን ፈልጉት። ሦስተኛውና ሰባተኛው ዝቅ ያሉበትን ባቲ። ዶ፣ ዝቅ ያለ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ሲ (ይሄኛው ሲ ሰባተኛው ድምጽ እንጂ ቅድም ያልኩት ኮርድ አይደለም)። የብሉዝ ጊታሪስቶች መጀመሪያ የሚለማመዱት አምስት ድምጽ ይኸው ነው። በባቲ ደግሞ ስንቱ ተጨፍሮበታል!

ታዲያ ብሉዝና ካንትሪ ሁለት ዓለም የመሰሉን ከየት መጥቶ ነው? ከሱቅ። ኦኬህ የሚባለው የሸክላ ኩባንያ በ1920 የማሚ ስሚዝን «ክሬዚ ብሉዝ» አሳትሞ ገበያው ደራለት። ከዚያ የጥቁሮችን ሸክላ ከ8000 በሚነሳ ቁጥር «የዘር ሸክላ» ብሎ ለብቻ ይሸጥ ጀመር። በኋላ የደቡብ ነጮችን ሙዚቃ ከ45000 በሚነሳ ቁጥር ለየው። ሌሎቹ ኩባንያዎችም ይህንኑ አደረጉ። የተከፈለው መደርደሪያው ነው። ሙዚቀኞቹ አንዱ የሌላውን ሙዚቃ ይሰማ ነበር። በናሽቪሉ የግራንድ ኦል ኦፕሪ የሬዲዮ መድረክ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ እስከ 1941 ሃርሞኒካ ይነፋ የነበረው ዲፎርድ ቤይሊ ጥቁር ነው። ካንትሪ የሚባለው ነገር ገና ስሙን ሳያገኝ እሱ እዚያ ነበር። «ሩትስ» የሚለው ቃል የመጣው ይህን የተከፈለ መደርደሪያ መልሶ ለመሰብሰብ ነው። እኛ ዘንድ ሩትስ ሲባል ሬጌና ሻሸመኔ ነው የሚታየን፤ እዚህ ግን የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ሁሉ ጃንጥላ ነው።

ለአድማጬ መልስ የምሰጠው በአንድ ሸክላ ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1930፣ ሎስ አንጀለስ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ጂሚ ሮጀርስ ማይክሮፎኑ ፊት ቆሟል። የሚሲሲፒ ልጅ ነው፣ ነጭ፣ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ፣ ሳንባው በቲቢ የተጎዳ። «የካንትሪ አባት» የሚባለው እሱ ነው። ትራምፔት የያዘው ሉዊስ አርምስትሮንግ ነው። ፒያኖው ላይ ሊል ሃርዲን አርምስትሮንግ ተቀምጣለች። የዘፈኑ ስም «ብሉ ዮድል ቁጥር 9»። ሰውየው ሜምፊስ ውስጥ ጥግ ይዞ ቆሞ ፖሊስ ክንዱን ይይዘዋል። አያለቅስም፤ ማንነቱን እየኮራ ይናገራል። ስንኙን ይላል፣ ይደግማል፣ ይቋጫል። ከዚያ ድምጹን ሰብሮ እንደ እረኛ ዮድል ያደርጋል። ጂሚ ባር አክብሮ የሚሄድ ሰው አልነበረም፤ ምት ያስረዝማል፣ ያሳጥራል። አርምስትሮንግ ግን አይስተውም። ስንኙ አልቆ ትንፋሽ ሲወስድ ጠብቆ ይገባል፣ መልሱን ይሰጣል፣ ይወጣል። ሸክላው ሲታተም የጂሚ ስም ብቻ ተጻፈበት።

የፊታችን ቅዳሜ ሰዓቱን የምከፍተው በዚህ ነው። መጀመሪያ ግጥሙን ትታችሁ ትራምፔቱን ብቻ ተከተሉ። ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ጣታችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጋችሁ አራት አራት እየቆጠራችሁ ስሙት፤ ጂሚ የት ላይ እንደሚያመልጣችሁ ጻፉልኝ።