ፋን ቲዎሪ ምንድን ነው?

አስቀድሜ ላሳውቅ። ከዚህ በታች የጥቂት ሳይንስ ፊክሽን ተከታታይ ፊልሞች ምስጢር በግልጽ ይወራል። ልታዩአቸው ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ አይታችሁ ተመለሱ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2017 «ስታር ትሬክ፡ ዲስከቨሪ» ሲጀምር፣ ቮክ የተባለውን የክሊንጎን (ከሌላ ዓለም የመጡ ጦረኛ ፍጡራን) ተዋጊ የሚጫወተው ጃቪድ ኢቅባል ነው ተብሎ በተዋንያኑ ዝርዝር ላይ ተጻፈ። ተመልካቾች ሰውየው ማን እንደሆነ ማጣራት ጀመሩ። ሌላ የሠራው ፊልም ሊያገኙለት አልቻሉም። በዚያ ላይ ቮክ ድንገት ከታሪኩ ይሰወራል። ብዙም ሳይቆይ አሽ ታይለር የሚባል መኮንን ከክሊንጎኖች እስር ቤት ብቅ ይላል። እሱን የሚጫወተው ሻዛድ ላቲፍ ነው። አድናቂዎች ነገሩን ገጣጠሙትና «ቮክና ታይለር አንድ ናቸው፤ ኢቅባል የሚባል ተዋናይም የለም» አሉ። በ2018 መጀመሪያ ታሪኩ ራሱ ይህንኑ አወጣው።

ፋን ቲዎሪ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ታሪኩ ሳያልቅ አድናቂዎች ፍንጭ እየለቀሙ «የተደበቀው ነገር ይህ ነው፤ መጨረሻውም ወደዚህ ይሄዳል» ብለው የሚያቀርቡት መላምት ነው። «ዋናው ሰውዬ የሚሞት ይመስለኛል» ማለት ግምት ብቻ ነው። «እነዚህ ሁለቱ ቢጋቡ ደስ ባለኝ» ደግሞ ምኞት ነው። ሾልኮ የወጣ ስክሪፕት አንብቦ ማውራት ስፖይለር ይባላል። ቲዎሪ ግን ሁሉም ሰው ካየው ነገር ይነሳል። ማስረጃውን ማንም ተመልሶ ሊያየው ይችላል። በማስረጃ ሊፈርስም ይችላል። እኔ የምወደው ይህንን ጎኑን ነው።

መገመት በማንኛውም ድራማ ይቻላል። ሳይንስ ፊክሽን ላይ ግን ነገሩ ይጠነክራል። በቤተሰብ ድራማ ውስጥ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ማንም አይገረምም። ሳይንስ ፊክሽን ደግሞ ለራሱ ዓለም ሕግ ያወጣል። ያለፈው ጊዜ አይለወጥም ካለ ደራሲውም በዚያ ይታሰራል። ሮቦት አያረጅም ካለም እንደዚሁ። ተመልካቹ ሕጉን ይዞ ወደፊት ማስላት ይችላል።

ለዚህ ከ2016ቱ «ዌስትወርልድ» የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ታሪኩ ሀብታሞች ሰው መሳይ ሮቦቶች ጋር ሄደው የልባቸውን የሚያደርጉበት ፓርክ ውስጥ ነው። በሁለተኛው ክፍል ዊልያም የሚባል ለስላሳ ወጣት ይመጣል። ጥቁር የለበሰ ጨካኝ ሽማግሌም በዚያው ፓርክ ይዞራል። ብዙም ሳይቆይ አድናቂዎች «ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው፤ በመካከላቸው 30 ዓመት አለ» ማለት ጀመሩ። ከማስረጃቸው አንዱ የፓርኩ አርማ ነው። ዊልያም ባለበት ትዕይንት የሚታየው አርማ ከሌላው ቦታ የተለየ ነው። ትልቁ ማስረጃ ግን ሕጉ ነበር። ሮቦቶቹ አያረጁማ! ከሮቦቶቹ አንዷ ዶሎሬስ በሁለቱም ዘመን አንድ ዓይነት ፊት አላት። ስለዚህ የ30 ዓመት ልዩነት ያላቸውን ትዕይንቶች አደባልቆ ቢያሳዩንም በዓይን ብቻ መለየት አንችልም።

ዲሴምበር ላይ የመጀመሪያው ሲዝን ሲያልቅ ቲዎሪው ልክ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ብዙ ሰው «ምኑ ይገርማል፤ ቀድመን አውቀነው የለ!» ብሎ አማረረ። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ተመልካቹ ቀድሞ ደረሰበት ማለት ደራሲዎቹ ፍንጩን በታማኝነት አስቀምጠዋል ማለት ነው። ደግሞም ማወቁ ታሪኩን አላቀለለውም። ያ ትሑት ወጣት ምን እንደሚሆን እያወቁ ማየት ሳያውቁ ከማየት ይልቅ ልብ ይሰብራል። አንድ ደራሲ አድናቂዎች ደረሱብኝ ብሎ መጨረሻውን ቢቀይር፣ ሲከማች የቆየው ፍንጭ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ያኔ የሚበደለው በጥንቃቄ ሲከታተል የነበረው ሰው ነው።

ቲዎሪ ጉዳትም አለው፤ ይህንን ያሳየን «ሎስት» ነው። ታሪኩ በ2004 ሲጀምር ከአውሮፕላን አደጋ የተረፉ ሰዎች ደሴት ላይ ይወድቃሉ። ከመጀመሪያው ሲዝን ጀምሮ «እነዚህ ሰዎች ሞተዋል፤ ደሴቱም ነፍሳቸው የምትቆይበት ቦታ ነው» የሚል ቲዎሪ ነገሠ። አዘጋጆቹ አይደለም ቢሉም ሰሚ አላገኙም። በ2010 የመጨረሻው ክፍል ሲተላለፍ ከሞት በኋላ ያለ ቦታ በእርግጥም ነበረ። እሱ ግን በስድስተኛው ሲዝን ጎን ለጎን ሲታይ የነበረው ሌላኛው ሕይወት ነው። ደሴቱ ላይ የሆነው ሁሉ በእውን የሆነ ነው። የዋናው ገጸ ባሕርይ የጃክ አባት ይህንን ለልጁ በግልጽ ይነግረዋል። እንደዚያም ሆኖ ብዙ ሰው «ለካ ከመጀመሪያውም ሞተው ነበር» እያለ ተነሳ። በማሳረጊያው ስም ዝርዝር ላይ የአውሮፕላኑ ስብርባሪ ባዶ ባሕር ዳርቻ ላይ መታየቱ አሳሳችነቱን ጨመረው። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ቲዎሪው ራሱ ይመስለኛል። አንድን መልስ ስድስት ዓመት ይዞ የቆየ ሰው ሌላ መልስ ሲነገረው አይሰማም።

ከ«ሎስት» ሌላም የሚነሳ ነገር አለ። ኤቢሲ ጣቢያና አዘጋጆቹ በ2007 ተስማምተው ታሪኩ በ2010 እንዲያልቅ ወሰኑ። ከዚያ በፊት መቼ እንደሚያልቅ የተቆረጠ ቀን አልነበረም። መጨረሻው ገና ካልተወሰነ ደግሞ ተመልካቹ የሚደርስበት መልስ የለም። «ዌስትወርልድ»ም ቢሆን አዘጋጆቹ አምስተኛ ሲዝን እያሰቡ በ2022 ከአራተኛው በኋላ ተሰረዘ። ስለ መጨረሻው የተባለው ሁሉ ልክ ይሁን ስህተት ሳይታወቅ ቀረ።

ደራሲዎች እነዚህን ቲዎሪዎች ያነባሉ ወይ? ብዙዎቹ የሚጠነቀቁበት ሕጋዊ ምክንያት አለ። የ«ባቢሎን 5» ፈጣሪ ጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ በ1990ዎቹ ከተመልካቾች ጋር በቀጥታ በኢንተርኔት ይጻጻፍ ነበር። የታሪክ ሐሳብ እንዳይልኩለት ግን ይለምናቸው ነበር። አንድ ቀን አንድ ተመልካች የጻፈው ሐሳብ እሱ ካቀደው ክፍል ጋር ተመሳሰለ። ሐሳቤን ሰረቀኝ ተብሎ እንዳይከሰስ ክፍሉን ወደ ጎን አስቀመጠው። ሊሠራው የቻለው ተመልካቹ ምንም ጥያቄ እንደሌለው በጽሑፍ ካረጋገጠለት በኋላ ነው።

አሁን ክርክሩ የጦፈበት «ሴቨራንስ» ነው። ሉመን የሚባል ድርጅት ሠራተኞች ጭንቅላት ውስጥ ትዝታቸውን ለሥራና ለውጭ ሕይወት የሚከፍል ቺፕ ይቀበራል። የውስጡ ማንነታቸው ስለ ውጭ ሕይወት ምንም አያውቅም፤ የውጩም ስለ ሥራው እንደዚሁ። በሁለተኛው ሲዝን መጀመሪያ ሄሊ የምትባል ሠራተኛ፣ የውስጡ ማንነቷ ለጥቂት ጊዜ ውጭ ስትነቃ ስላየችው ነገር ባልደረቦቿን ዋሸቻቸው። አንዳንዱ ተመልካች የድርጅቱ ባለቤት ልጅ መሆኗን አፍራ ነው አለ። ሌላው ደግሞ ወደ ሥራ የገባችው የሄሊ የውጭ ማንነት የሆነችው ሄለና ናት አለ፤ ኮምፒውተሩን ማብራት እንኳ እንደቸገራት እየጠቀሰ። በአራተኛው ክፍል ሁለተኛው ወገን ረታ።

ይህን ስጽፍ ሦስተኛው ሲዝን ገና አልወጣም። የእኔ ቲዎሪ ይኸውና። ብዙዎች የዋናው ገጸ ባሕርይ የማርክ የውስጡና የውጩ ማንነት ተዋሕደው ታሪኩ ያልቃል ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። በመጀመሪያው ሲዝን ትዝታዎቹን ያዋሐደው ባልደረባው ፒቲ ሞቷል። ሁለቱ ማርኮችም በቪዲዮ ሲነጋገሩ ተጣልተዋል። አንደኛው በራሱ ፈቃድ ለሌላው ቦታ የሚለቅ ይመስለኛል። የሚቃረነኝ ማስረጃ ማርክ መዋሐዱን ጀምሮ እስካሁን በሕይወት መኖሩ ነው። የምጠብቀው ምልክት አንድ ስም ነው። የውጩ ማርክ በዚያ ቪዲዮ ላይ ሄሊን «ሄለኒ» ብሎ ተሳስቷል። በአዲሱ ሲዝን ውጭ ሆኖ ሄሊ ብሎ ከጠራት ትዝታቸው ተዋሕዷል ማለት ነውና ቲዎሪዬ ፈርሷል።