የአቼቶ ዝንብ፦ የምግብ ምርጫዋና አሰሳዋ

ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር ወይም የአቼቶ ዝንብ፣ የጠቆረ ሙዝና የጠላ ጥንስስ ባለበት የማትጠፋ፣ ቀይ ዓይን ያላት፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል የምትረዝም ዝንብ ናት። ብዙ ሰው ትንኝ ብሎ ያልፋታል። የማንጎ ገበሬ የሚያማርርባት የፍራፍሬ ዝንብ ሌላ ወገን ናት፤ ያቺ ጤነኛውን ፍሬ ወግታ እንቁላል ስትጥል፣ ይህቺ የምትሻው የፈላውንና የበሰበሰውን ነው። በስም መመሳሰል ብቻ የማይገባትን ወቀሳ ተሸክማ ኖራለች።

ስሟን እ.ኤ.አ. በ1830 ያወጣላት ጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ማይገን ነው። ከ1910 ጀምሮ ደግሞ በኒው ዮርክ በቶማስ ሃንት ሞርጋን ቤተ ሙከራ፣ በወተት ጠርሙስ ውስጥ ሙዝ እየተመገበች የዘር ውርስ ሳይንስ ባለውለታ ሆናለች።

ፍሬው ገበታዋ ነው፤ ዋናው ምግቧ ግን በላዩ ላይ የሚያድገው እርሾ ነው። ፕሮቲኗን የምታገኘው ከእርሱ ስለሆነ፣ ከወንድ ጋር የተገናኘች እንስት እንቁላል ለማምረት ከስኳር ይልቅ ወደ እርሾ ታደላለች። ጣዕም የምትለየው በእግሯም ጭምር ነው፤ የተራበች ዝንብ የፊት እግሯ የስኳር ጠብታ ሲነካ መምጠጫ አፏን ወዲያው ትዘረጋለች። አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያወጡት፣ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸተው ዓይነት ጠረን ከደረሳት ግን ትሸሻለች።

በምግብ አሰሳዋ ላይ በሰፊው የተጻፈው ስለ እጮቿ ነው። ካናዳዊቷ ማርላ ሶኮሎቭስኪ በ1980 ባሳተመችው ጥናት እርሾ በስሱ በተቀባ ሳህን ላይ እጮችን ለቀቀች። በደቂቃዎች ውስጥ አንዳንዶቹ ረጅም ዱካ ትተው ሄዱ፤ ሌሎቹ እዚያው አካባቢ እየበሉ ቆዩ። የመጀመሪያዎቹን ዘዋሪ፣ ሁለተኛዎቹን ተቀማጭ እንበላቸው። ተቀማጭ ማለት ሰነፍ ማለት አይደለም፤ ምግቡ ከሳህኑ ሲነሳ ልዩነቱ ይጠፋል፣ ሁለቱም እኩል ይጓዛሉ። በዱር ከተሰበሰቡት ዝንቦች ሰባ በመቶ ያህሉ ዘዋሪ፣ ሠላሳ በመቶው ተቀማጭ ሆነው ተገኝተዋል። በ1997 ምክንያቱ አንድ ጂን መሆኑ ታወቀ፤ ጂኑ የሚሠራው ኢንዛይም በዘዋሪዎቹ ዘንድ ይበልጥ ንቁ ነው። በቤተ ሙከራ ለብዙ ትውልድ ተጨናንቀው ያደጉት ወደ ዘዋሪነት፣ ተራርቀው ያደጉት ወደ ተቀማጭነት አዘንብለዋል። የዚሁ ጂን ዘመድ በማር ንብም አለ፤ ንቧ ከቀፎ ሥራ ወደ አበባ ቅሰማ ስትሸጋገር የጂኑ ሥራ ይጨምራል።

ዝንቧ አፍሪካዊት ናት። በ2018 የታተመ ጥናት የጥንት ምግቧ በደቡባዊ አፍሪካ የሚበቅለው የማሩላ ፍሬ ሳይሆን አይቀርም ይላል፤ ሰዎች ፍሬውን ወደ ዋሻቸው ሲያስገቡ ተከትላቸው ገባች የሚለው ግን ለጊዜው እንደ መላምት ቢያዝ ይሻላል። ከሰሃራ በታች ከተመረመሩት ሁሉ ጠይም መልኳ የጎላው የኢትዮጵያዋ መሆኑን ግን ያለ ማመንታት መጻፍ ይቻላል።

ፍሬው ሲፈላ የሚፈጠረው አልኮል ለእጮቹ መድኃኒትም ነው። ጥገኛ ተርብ እንቁላሏን በሰውነታቸው ውስጥ ስትጥልባቸው አልኮል የበዛበትን ምግብ መርጠው ይበላሉ፤ የተርቧ ልጅም በውስጣቸው ትሞታለች። እናቲቱ ዝንብም ተርብ በዓይኗ ካየች እንቁላሏን የምትጥለው ጠንከር ብሎ የፈላው ላይ ነው።