«መድኃኒቱ ዘር አይለይም» ለምትሉኝ

ባለፈው ወር ሳይኬዴሊክ ቴራፒ ስለሚባለው ሕክምና አንድ ሥልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። አሠልጣኙ ቅን ሰው ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። ከተሳታፊዎቹ አንዷ ተነስታ «ጥቁሮች፣ ስደተኞች፣ ገንዘብ የሌላቸው ሰዎች እዚህ ሕክምና ውስጥ የት አሉ?» ብላ ጠየቀች። እሱ ፈገግ ብሎ «መድኃኒቱ እኮ ዘር አይለይም» አላት። አዳራሹ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ጥያቄዋም እዚያው ቀረ። ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር አቁሜያለሁ። ዛሬ ልጽፍበት ነው። እግረ መንገዴን የኛ ሰዎች ቡና ላይ የሚያነሷቸውን አንዳንድ ነገሮችም አነሳለሁ።

እኔ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ኦሮራ የምሠራ ሶሻል ወርከር ነኝ። ብዙ ሐበሻ ያለባት ከተማ ናት። ሳይኬዴሊክ ቴራፒ የሚባለው ሰው ለተወሰነ ሰዓት የማየት፣ የመስማትና የማሰብ ሁኔታውን የሚለውጥ መድኃኒት ወስዶ፣ ከዚያ በፊትም በኋላም ከባለሙያ ጋር እየተነጋገረ የሚታከምበት መንገድ ነው። ከባድ ድብርት ላለባቸው፣ ከጦርነትና ከግፍ በኋላ እንቅልፍ ላጡ ሰዎች እየተሞከረ ነው፤ አንዳንዱም ተፈቅዷል።

ከምሰማቸው የተሳሳቱ አባባሎች ትንንሾቹን ቶሎ ላንሳ።

«ያው ሐሺሽ ነው።» አይደለም። ከነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ኬታሚን ለምሳሌ አገር ቤት ቀዶ ሕክምና ክፍል የሠራ ነርስ ሁሉ የሚያውቀው ማደንዘዣ ነው።

«ኤምዲኤምኤ (ኤክስታሲ የሚባለው ዕፅ) ተፈቅዷል።» አሜሪካ ውስጥ አልተፈቀደም። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በነሐሴ 2024 ማመልከቻውን አልቀበልም ብሏል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

«ሱስ አያስይዝም፣ ጉዳትም የለውም።» ኬታሚን ሱስ ያስይዛል። ሊቲየም የሚባለውን የባይፖላር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳይሎሳይቢን የሚባል አእምሮ የሚለውጥ ንጥረ ነገር ያለበትን እንጉዳይ ቢወስድ የሚጥል በሽታ ሊነሳበት ይችላል። ቤተሰባችሁ ውስጥ ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር የሚባል የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ አትደብቁ። የቤተሰብ ገመና ነው ብላችሁ ዝም ያላችሁት ነገር እዚህ ቦታ ላይ አደጋ ነው።

«የፈረንጅ ግኝት ነው።» ይህኛው ያናድደኛል። ሳይሎሳይቢን ያለበትን እንጉዳይ የሜክሲኮ ማዛቴክ ሕዝብ ለፈውስ ሲጠቀምበት ኖሯል። በ1955 ጎርደን ዋሰን የሚባል የኒውዮርክ የባንክ ሰው ኦአሃካ ግዛት ሄዶ ማሪያ ሳቢና የምትባል ፈዋሽ ጋ ተቀመጠ፣ በ1957 ላይፍ መጽሔት ላይ አወጣው። ከዚያ በኋላ መንደሯ በእንግዳ ተጥለቀለቀ፣ ፖሊስ ተከታተላት፣ ቤቷ ተቃጠለ። የእንጉዳዩ ናሙና ስዊዘርላንድ ደርሶ በ1958 አልበርት ሆፍማን የሚባል ኬሚስት ንጥረ ነገሩን ለየ። ማሪያ ሳቢና በ1985 በድህነት ሞተች። አፍሪካ ውስጥም ጋቦን ኢቦጋ የሚባለውን፣ እንደዚሁ አእምሮ የሚለውጥ ተክል በ2000 ብሔራዊ ቅርስ ብላ አውጃለች። ክሊኒካችሁ ግድግዳ ላይ የነዚህን ሕዝቦች ጥልፍ ከመስቀላችሁ በፊት ለነሱ ምን እንደምትመልሱ አስቡ።

«ጥቁሮች የማይመጡት ባህላቸው ስለማይፈቅድ ነው።» ቆይ፣ እስቲ ታሪኩን እንይ። በ1950ዎቹ ኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን በሚገኘው የፌዴራል የሱስ ምርምር ማዕከል ሀሪስ ኢዝቤል የሚባል ሐኪም እስረኞች ላይ ኤልኤስዲ የሚባል ቅዠት የሚያመጣ ዕፅ ይሞክር ነበር። ከኋላው ሲአይኤ ነበረ። ብዙዎቹ እስረኞች ጥቁሮች ናቸው። ሰባት ሰዎች ለ77 ቀናት በተከታታይ ተሰጥቷቸዋል። ለተሳተፉበት የሚከፈላቸው ደግሞ ያው ያሰራቸው ዕፅ ነበር። በ1986 የወጣው ሕግ አንድ ግራም ክራክ (የሚጨስ ኮኬይን) የያዘን ሰው መቶ ግራም የዱቄት ኮኬይን ከያዘ ሰው እኩል ያስቀጣ ነበር፤ በክራክ የሚታሰሩት ደግሞ በብዛት ጥቁሮች ናቸው። እና ዛሬ አንድ ጥቁር ሰው ጋ ሄዳችሁ «ና፣ ይህን ዕፅ ውሰድ፣ ዓይንህን ጨፍን፣ እኛን እመነን» ስትሉት ቢያመነታ ባህሉ ነው ትላላችሁ?

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በ2018 የታተመ አንድ ግምገማ፣ ከጸሐፊዎቹ አንዷ ሞኒካ ዊልያምስ ናት፣ ከ1993 እስከ 2017 የተደረጉ 18 የሳይኬዴሊክ ቴራፒ ጥናቶችን ሰብስቦ አየ። ከ282 ተሳታፊዎች 82.3 በመቶው ነጮች ነበሩ። ጥቁር አሜሪካውያን 2.5 በመቶ። ሰባት ሰው ማለት ነው። «ውጤታማ ነው» የምንለው በማን ላይ እንደሆነ ከዚህ ተረዱ።

አሁን ወደ ዋናው።

«መድኃኒቱ ዘር አይለይም።» ልክ ነው፣ ሞለኪውል ማንንም አይለይም። ግን ሰው መድኃኒቱን የሚወስደው ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሰው አለ፣ ወረቀት አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ የሚጻፍ ማስታወሻ አለ። ሰውየው ደግሞ በሕይወቱ እንደዚያ ሰዓት ራሱን መከላከል የማይችልበት ጊዜ የለም።

አንድ ጊዜ አንድ ክሊኒክ እባክሽ ነይልን ብሎ ጠራኝ። ታካሚዋ ስልሳ ዓመት የተጠጋት የኛ ሰው ናት፣ ሦስተኛ ቀጠሮዋ ነበር። ፋይሏ ላይ «ግራ ትጋባለች፣ ትርጉም የሌለው ድምፅ ታሰማለች፣ ሰውነቷን ትወዘውዛለች፣ መጠኑ ይቀነስ» ተብሎ ተጽፏል። እንግሊዝኛ ስለምትናገር «አስተርጓሚ አያስፈልግም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጓል። ጎኗ ቁጭ ብዬ አዳመጥኳት። ሙሾ ነበር የምታወርደው። ግጥሙ ቤት እየመታ፣ ደረቷን በስሱ እየመታች፣ የወንድሟን ስም እየጠራች። ወንድሟ አገር ቤት ሲሞት ወረቀቷ ስላላለቀ መሄድ አልቻለችም። መርዶውን በስልክ ሰማች፣ በማግስቱ ሥራ ገባች። አራት ዓመት ሙሉ ያላለቀሰችውን ለቅሶ እያለቀሰች ነበር። እነሱ ደግሞ ይህን የመድኃኒቱ ችግር ነው ብለው መጠኑን ሊቀንሱባት ነው።

ማንም ክፉ አልነበረም። ነርሷ እንዲያውም እጇን ይዛ ስታለቅስላት ነበር። ግን አንድም ሰው «በጣም ስትከፊ በምን ቋንቋ ነው የምታወሪው?» ብሎ አልጠየቃትም። አንድ ጥያቄ ነው። ቀጠሮ ላይ ጥሩ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው በዚያ ሁኔታ ውስጥ ወደ አፍ መፍቻው ሲመለስ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

የዓይን መሸፈኛውን ደግሞ አስቡት። እዚህ ሥራ ውስጥ ሁሉም ቦታ የተለመደ ነው፣ ሰው ወደ ውስጡ እንዲያይ ተብሎ። አንድ ታካሚዬ እስር ቤት ዓይኑን ታስሮ ነው የተመረመረው። ቴራፒስቱ መሸፈኛውን ሲዘረጋለት ሰውየው «እሺ» አለ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተንቀጠቀጠ። በኋላ ለምን እምቢ እንዳላለ ስጠይቀው «ሰውየው ደክሞልኝ፣ እንዴት እምቢ እላለሁ?» አለኝ።

ይሉኝታ ነው እንግዲህ። ለአሜሪካኖቹ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ለማስረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። የኛ ሰው ለሐኪም፣ ለታላቅ፣ ለረዳው ሰው «እሺ» የሚለው አክብሮት ነው፤ ፈቃድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ቅጽ ላይ አስፈርማችሁ ተስማምታለች አትበሉ። ጥያቄውን ገልብጡት፤ «የማትፈልጊውን ሁለት ነገር ንገሪኝ» በሏት። እምቢ ማለትን አስቀድማችሁ አለማምዷት። ትከሻ መንካት ይኑር አይኑር መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት፣ ሌላ ቀን ላይ ይወሰን። መድኃኒቱ ውስጥ እያለች የተፈቀደውን ማንሳት ትችላለች፣ አዲስ ፈቃድ ግን ከእሷ አይወሰድም። ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ካናዳ ውስጥ በተደረገ የኤምዲኤምኤ ጥናት ሁለት ቴራፒስቶች ታካሚዋ አልጋ ላይ ወጥተው ሲያቅፏትና አጥብቀው ሲይዟት የሚያሳይ ቪዲዮ በ2022 ይፋ ወጥቷል። ካሜራ በተተከለበት ክፍል ይህ ከሆነ፣ ካሜራ በሌለበት፣ ቋንቋ ለማትችልና ወረቀቷ ላላለቀ ሴት ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

በተቃራኒው ያለውም ስህተት አለ። ባህል ልናከብር ነው ብለው ለአንዲት ታካሚ፣ ሐበሻ ናት ብለው፣ የኦርቶዶክስ መዝሙር ከፈቱላት። እሷ የደሴ ልጅ፣ ሙስሊም ናት። ቢጠይቋት መንዙማ ትላቸው ነበር፣ ወይም ምንም ሙዚቃ አልፈልግም። ባህልን ከኢንተርኔት አታጥኑ፣ ፊታችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ። ቀጠሮ ስትይዙም ጾም እንዳለ ጠይቁ። በረመዳን ቀን አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት ለብዙ ሰው ጾም መፍታት ነው።

«ዋጋ ከቀነስን ፍትሕ ሰፈነ።» ቅናሽ ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን ኤስኬታሚን የሚባለውን፣ ከኬታሚን የተገኘና በአፍንጫ የሚረጭ የድብርት መድኃኒት ተመልከቱ። በ2019 የተፈቀደ ነው፣ ብዙ ኢንሹራንስም በቅድመ ፈቃድ ይሸፍነዋል። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ቀን ይወሰዳል። በየቀጠሮው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ክሊኒኩ ውስጥ መቆየት ግዴታ ነው። እስከ ማግስቱ፣ በቂ እንቅልፍ እስኪተኙ ድረስ መኪና መንዳትም አይቻልም። አሁን ኡበር የሚነዳ የሦስት ልጆች አባትን አስቡ። ስምንት የሥራ ቀን ከእጁ ወጣ። መድኃኒቱ ነጻ ቢሆንለት እንኳ አይችለውም። የማታ ቀጠሮ፣ ልጆች የሚቆዩበት ቦታ፣ ቤት የሚያደርስ ሰው፣ ዋጋው እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

«ኮሎራዶ ውስጥ ሕጋዊ ስለሆነ ማንም መሄድ ይችላል።» ይህን ግን ቁጭ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ በተለይ ዜግነት ያላገኛችሁ። ኮሎራዶ በ2022 በሕዝብ ድምፅ ሳይሎሳይቢንን ፈቅዳለች፤ ኦሪገን ከሷ ሁለት ዓመት ቀድማለች። ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ፈቃድ ያለው ማዕከል መሄድ ይችላል። በፌዴራል ሕግ ግን ከ1970 ጀምሮ የተከለከለ ነው፣ ዛሬም እንደዚያው ነው። ኢሚግሬሽን የሚሠራው በፌዴራል ሕግ ነው። ግሪን ካርድ ይዛችሁ ከአገር ወጥታችሁ ስትመለሱ፣ ወይም የዜግነት ቃለ መጠይቅ ላይ ተጠይቃችሁ ወስጃለሁ ብትሉ፣ ባትከሰሱም ባትታሰሩም ችግር ሊመጣባችሁ ይችላል። ዋሹ አላልኩም፤ ለኢሚግሬሽን መኮንን መዋሸት ሌላ ትልቅ ጣጣ ነው። የምለው ከመሄዳችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ ነው፤ ለማመልከቻ ቅጽ የሚሞላላችሁን ሰው ሳይሆን ጠበቃ። ጥገኝነት ጠይቃችሁ መልስ የምትጠብቁ ከሆነ ደግሞ ለአሁኑ ይቅርባችሁ እላለሁ። በሐኪም የሚታዘዝ ኬታሚን ግን በፌዴራል ሕግም የተፈቀደ ነው፣ የተለየ ጉዳይ ነው።

ማዕከል ለምትከፍቱ ሰዎችም አንድ ነገር ልበል። ይህን ማስጠንቀቂያ ስምምነት ቅጻችሁ ላይ በግልጽ የጻፈ ቦታ እስካሁን ከጥቂት በላይ አላጋጠመኝም። ነጭ አሜሪካዊ ደንበኛችሁ አያስፈልገውም፣ ስለዚህ አላሰባችሁትም። መድኃኒቱ ዘር አይለይም፣ ቅጹ ግን ለየ።

ለእናታችሁ፣ ለወንድማችሁ ወይም ለራሳችሁ ቀጠሮ የምትይዙ ከሆነ ስልክ ላይ እነዚህን ጠይቁ። ክፍሉ ውስጥ አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚሰማ ሰው ይኖራል ወይ? ካልኖረ አስተርጓሚ ማን ይከፍላል? (ዘመድ አስተርጓሚ አይሁን፣ ሰው ልጁ ፊት የማይናገረው ነገር አለ።) የሴት ባለሙያ መምረጥ ይቻላል? የዓይን መሸፈኛው ግዴታ ነው? ይነካኛል ወይስ አይነካኝም፣ ይህንንስ መቼ ነው የምንነጋገረው? አንድ ነገር ቢበላሽ ለማን ነው ቅሬታ የማቀርበው? ለእነዚህ «እሱን ሲደርስ እናየዋለን» የሚል መልስ ከሰጧችሁ ሌላ ቦታ ደውሉ።