ወጣቶች በፎቶ፣ በሥዕልና በድራማ የሚሳተፉበት ጥናት፦ ጎንደር ላይ የሚወስነው ማን ነው?

አሳታፊ የኪነ ጥበብ ጥናት የሚባለው ወጣቱ መጠይቅ በመሙላት ፋንታ ኑሮውን በፎቶ፣ በሥዕል፣ በግጥም ወይም በድራማ የሚያሳይበት፣ የሠራው ነገር ምን ማለት እንደሆነም ከተመራማሪው ጋር ቁጭ ብሎ የሚተነትንበት ነው። ከመንገዶቹ ሁለቱ ስመ ጥር ናቸው። ሰዎች ኑሯቸውን ራሳቸው ፎቶ አንስተው ስለ ፎቶው የሚናገሩበትን ፎቶቮይስን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን ቡሪስ በቻይና ዩናን ለገጠር ሴቶች ካሜራ ሰጥተው ጀመሩት። በብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ፎረም ቲያትር ደግሞ ተመልካቹ ድራማውን አስቁሞ መድረክ ላይ ይወጣና መፍትሔ ያለውን ራሱ ይጫወተዋል።

ጎንደር ለዚህ እንግዳ አይደለችም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው "ተቀበል!" ብሎ ግጥሙን ሲሰጥ ኖሯል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እኛ ጋ ልጅ ለትልቅ ሰው እሺ እያለ ነው የሚያድገው። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ሰው ወረቀት ዘርግቶ "ፈቃደኛ ነህ?" ሲለው እምቢ ማለት ድፍረት ይመስለዋል፤ ስለዚህ አንዴ የተፈረመ ፊርማ በቂ አይደለም፣ በየመሐሉ መጠየቅ፣ ልጁ ሲቀርም ለምን ቀረህ ብሎ አለማሳቀቅ ያስፈልጋል።

ተመራማሪው ሮጀር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ ባዘጋጀው፣ የልጆችን ተሳትፎ በሚለካ ባለ 8 ደረጃ መሰላል ታችኞቹን 3 ደረጃዎች ከተሳትፎ አይቆጥራቸውም። ልጆችን ለጌጥ መድረክ ላይ ማቆም እዚያ ውስጥ ይገባል።

የማን ልጅ ይምጣ የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ትምህርት ቤት "ልጆች ላኩልን" ሲባል የሚልከው አንደበተ ርቱዎቹን ነው። ፒያሳ የተቀመጠው ሊስትሮ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋ ልጅ፣ መስማት የተሳነው ተማሪ ይቀራሉ። ሊስትሮው ከመጣ የቀን ገቢው ይቀርበታል፣ ያ መካስ አለበት። ልጅቷ የአሠሪዋን ፈቃድ ትፈልጋለች፣ እረፍቷም በጣም አጭር ነው። መስማት ለተሳነው ደግሞ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከመጀመሪያው ቀን በጀት ውስጥ መግባት አለበት፤ መጨረሻ ላይ ሲታሰብ ገንዘቡ አልቋል።

ጸጥታ በደፈረሰ ጊዜ ካሜራ ይዞ መንገድ ላይ መታየት ለልጁ አደጋ ነው፤ ያኔ ሥዕል ይሻላል። ፎቶውስ የማን ነው? ባለቤቱ ያነሳው ልጅ ነው። የትኛው ኤግዚቢሽን ላይ ይሰቀል፣ የትኛው ይቅር፣ ስሙ ይጻፍ ወይስ ይደበቅ የሚለውን እሱ ካልወሰነ፣ ተመራማሪው በልጁ እጅ የራሱን ፎቶ እያነሳ ነው።