ቢግ ቴን 18 ሲሆን፦ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስፖርት እና የቴሌቪዥን ገበያ

አሜሪካ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት የተማሪዎች መዝናኛ ብቻ አይደለም። ሚሺጋን፣ ፔን ስቴት እና ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዳቸው ከ100,000 በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም አላቸው። ስታዲየሙን የሚሞላው የአሜሪካን ፉትቦል ነው። ቅርጫት ኳስም ገንዘብ ያስገባል። ዋና፣ መረብ ኳስ፣ ሩጫና ሌላው ግን በአብዛኛው ፉትቦል ባመጣው ገንዘብ ነው የሚኖረው።

ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚወዳደሩት ኮንፈረንስ በሚባል ማኅበር ታቅፈው ነው። ኮንፈረንሱ የጨዋታ ፕሮግራም ያወጣል፣ ዋንጫ ያዘጋጃል። ትልቁ ሥራው ግን የአባላቱን የቴሌቪዥን መብት ባንድ ላይ ሸጦ ገንዘቡን ማከፋፈል ነው። ኮንፈረንስ ድሮ እንደ ሰፈር ዕድር ነበር፤ አባል የሚያደርግህ ጎረቤትነትህ ነው። ቢግ ቴን የቺካጎ ዙሪያ ግዛቶች ማኅበር ነበር። ፓክ 12 የፓስፊክ ዳርቻና የአካባቢው ነበር። ኤሲሲ ደግሞ ስሙ ራሱ የአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስ ነው።

ዛሬ ቢግ ቴን ከኒው ጀርሲ እስከ ሎስ አንጀለስ ተዘርግቷል። ስሙ አስር ይላል፣ አባላቱ ግን 18 ናቸው። በአትላንቲክ ጠረፍ ማኅበር ውስጥ ሁለት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተዋል። ካርታ ይዞ ለሚያይ ሰው ጉድ ነው። በዶላር ለሚያስብ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የጀመረው ፍርድ ቤት ነው። እስከ 1984 ድረስ የትኛው ቡድን በዓመት ስንት ጊዜ በቴሌቪዥን እንደሚታይ የሚወስነው ኤንሲኤኤ የተባለው የዩኒቨርሲቲ ስፖርት የበላይ አካል ነበር። ትልልቆቹ ቡድኖች በየሳምንቱ መታየት እየቻሉ ኮታ ታስሮባቸው ተቀመጡ። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ኮታው የንግድ ውድድርን የሚያፍን ነው ብሎ አፈረሰው። የልዩነት ሐሳብ የጻፈው ዳኛ ባይረን ዋይት ነው። ዋይት በወጣትነቱ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ኮከብ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ስፖርት እንደ ተራ ንግድ መታየት የለበትም ብሎ ተከራከረ። የሰማው የለም።

ከዚያ ወዲህ መብቱ ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹና ወደ ኮንፈረንሶቹ ገባ። ኖትረ ዳም የተባለው ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ከኤንቢሲ ጋር ተዋዋለ፤ ከ1991 ጀምሮ ሜዳው ላይ የሚያደርጋቸው ጨዋታዎች በዚያ ጣቢያ ይታያሉ። ኤስኢሲ የተባለው የደቡቡ ኮንፈረንስ አርካንሶንና ሳውዝ ካሮላይናን ጨምሮ 12 አባል ሞላ። በ1992 ሁለት ምድብ ሆኖ የራሱን የፍጻሜ ጨዋታ አዘጋጀ። አንድ ተጨማሪ ትልቅ ጨዋታ ማለት አንድ ተጨማሪ የሚሸጥ ዕቃ ማለት ነው። አርካንሶ ጥሎት የሄደው ሳውዝዌስት ኮንፈረንስ ግን የቀሩት አባላት በሙሉ የቴክሳስ ሆኑ። በአንድ ግዛት ብቻ የሚታይ ኮንፈረንስን በውድ የሚገዛ ጠፋ፤ በ1996 ፈረሰ። አራቱ ትልልቆቹ ከስምንት ጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው ቢግ 12ን መሠረቱ።

ገበያ የሚለው ቃል እዚህ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ኒልሰን የተባለው የተመልካች ቆጣሪ ድርጅት አሜሪካን በ210 የቴሌቪዥን ገበያዎች ይከፍላታል። ኒው ዮርክ አንደኛ ነው፣ ሎስ አንጀለስ ሁለተኛ፣ ቺካጎ ሦስተኛ። ገበያው የሚለካው ቴሌቪዥን ባላቸው ቤቶች ቁጥር ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ፉትቦል ይወዳል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለረጅም ጊዜ መጠየቅም አላስፈለገም።

ያላስፈለገበት ምክንያት ኬብል ነው። የኬብል ደንበኛ ቻናል መርጦ አይከፍልም፤ የሚገዛው ጥቅል ነው። በጥቅሉ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቻናል ከኬብል ድርጅቱ በየወሩ በየቤቱ ሒሳብ ይቀበላል፣ ቤቱ አየውም አላየውም። አንድ ቻናል በአንድ ሚሊዮን ቤት አንድ አንድ ዶላር ቢያገኝ በዓመት 12 ሚሊዮን ዶላር ነው። አንድም ሰው ሪሞቱን ሳያነሳ!

ይህን ከሁሉ በፊት በደንብ የገባው የቢግ ቴን ኮሚሽነር የነበረው ጂም ዴላኒ ነው። ከፎክስ የቴሌቪዥን ድርጅት ጋር ሆኖ በ2007 መጨረሻ ኦገስት የኮንፈረንሱን የራሱን ቻናል ከፈተ። የመጀመሪያው የፉትቦል ቀን ሴፕቴምበር 1 ነበር። በአገሪቱ አምስተኛ ደረጃ የተሰጠው ሚሺጋን ከታችኛው ዲቪዚዮን የመጣ አፓላቺያን ስቴት የሚባል ቡድንን በሜዳው ያስተናግዳል። ለማሟሟቂያ የታሰበ ጨዋታ ነው። አፓላቺያን ስቴት 34 ለ 32 አሸነፈ። በመጨረሻዎቹ ሰኮንዶች ሚሺጋን ሊያሸንፍበት የሞከረው ምት በእጅ ተመታ። በዚህ ስፖርት ታሪክ ከታዩት ትልልቅ ያልተጠበቁ ሽንፈቶች አንዱ ነው። ሚሺጋን ውስጥ ኮምካስት የተባለውን ኬብል ድርጅት የሚጠቀም ቤት ግን በቀጥታ አላየውም። ኮምካስት የአዲሱን ቻናል ዋጋ አልቀበልም ብሎ ገና ድርድር ላይ ነበር። የቸገረው ደንበኛ ደወለ፣ ተማረረ። በቀጣዩ ዓመት ኮምካስት ተስማማ። አንድ ሕዝብ የሚወደውን ቡድን ይዘህ ኬብል ድርጅት ፊት ስትቆም ጉልበትህ ምን ያህል እንደሆነ ያኔ ታየ።

ቀጥሎ የመጣው ሒሳብ ቀላል ነበር። ቻናሉ አባል ዩኒቨርሲቲ ባለበት ግዛት በየቤቱ የሚያስከፍለው፣ አባል ከሌለበት ግዛት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ አዲስ ግዛት መግባት ማለት በሚሊዮን የሚቆጠር ቤት ዋጋው በአንድ ሌሊት ይጨምራል ማለት ነው። በኖቬምበር 2012 ሜሪላንድና ራትገርስ ወደ ቢግ ቴን እንደሚገቡ ተነገረ፤ በ2014 ገቡ። ራትገርስ በ1869 ከፕሪንስተን ጋር የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ጨዋታ ያደረገ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በፉትቦል ብዙም ስሙ አይነሳም። የተፈለገው ለእግሩ ሳይሆን ለአድራሻው ነው፦ ኒው ጀርሲ፣ የኒው ዮርክ ገበያ። ሜሪላንድ ደግሞ ዋሽንግተንንና ባልቲሞርን ይዞ መጣ። የተወው ኤሲሲ 52 ሚሊዮን ዶላር ክፈለኝ ብሎት በ31 ሚሊዮን አካባቢ ተስማሙ።

እዚህ ላይ እኛም አለንበት። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ኮሌጅ ፓርክ ከሲልቨር ስፕሪንግ የቅርብ ጎረቤት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ በዋሽንግተን ዙሪያ ሐበሻ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። እዚያ ኬብል ያስገባ ሁሉ ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋን የት እንዳሉ ባያውቅም በየወሩ ትንሽ ሳንቲም ሲያዋጣ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሒሳብ አንድ ጉድለት አለው። ኬብል መኖር አለበት። ኢኤስፒኤን የተባለው የስፖርት ቻናል በ2011 አካባቢ በ100 ሚሊዮን ቤቶች ይገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ኬብሉን እየቆረጠ ወደ ኔትፍሊክስና ወደ ዩቲዩብ ሄደ፤ ኢኤስፒኤን ያለበት ቤት ቁጥር ከ70 ሚሊዮን በታች ወረደ። ሳያይ የሚከፍለው ሰው እየቀነሰ ሲመጣ ጣቢያዎቹ የሚጠይቁት ጥያቄ ተለወጠ። ይህ ቡድን የት ከተማ ነው ማለቱ ቀረና፣ ይህን ቡድን ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ስንት ነው ሆነ። በ2021 ቴክሳስና ኦክላሆማ ቢግ 12ን ትተው ኤስኢሲን ሊቀላቀሉ መሆኑ ሲሰማ፣ ኤስኢሲ የቴክሳስን ገበያ ፈልጎ አልነበረም። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን ከ2012 ጀምሮ ይዟል። የፈለገው ብዙ ሚሊዮን ሰው የሚያያቸው ጨዋታዎችን ነው።

በዚህ ለውጥ ተጨፍልቆ የቀረው ፓክ 12 ነው። ኮንፈረንሱ ከ1915 ጀምሮ የመጣ የምዕራቡ ጌታ ነበር። በ2011 ከኢኤስፒኤንና ከፎክስ ጋር የፈረመው የ12 ዓመት፣ የ3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውል በጊዜው ትልቅ ወሬ ነበር። የራሱንም ቻናል በ2012 ከፈተ። ቢግ ቴን ፎክስን ሲያስገባ ፓክ 12 ግን ትርፉን ለማንም አላካፍልም ብሎ ብቻውን ያዘው። ጀርባው ላይ የሚቆምለት ጉልበተኛ አልነበረውም። ዳይሬክቲቪ የተባለው ትልቁ የሳተላይት ድርጅት ቻናሉን እስከ መጨረሻው ሳያስገባው ቀረ። በዚያ ላይ ሰዓቱ አለ። ሎስ አንጀለስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል የሚጀመር ጨዋታ ኒው ዮርክ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ግማሹ አገር ተኝቷል።

በጁን 30 ቀን 2022 የሎስ አንጀለሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ወደ ቢግ ቴን እንሄዳለን አሉ። ሁለተኛው ትልቁ ገበያ ከነተመልካቹ አብሮ ሄደ። ቢግ ቴን ብዙም ሳይቆይ ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ሰባት ዓመት የሚዘልቅ፣ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው የተባለ ውል አሳወቀ። ቢግ 12 ደግሞ ተራውን ሳይጠብቅ በዚያው ዓመት መጸው ከኢኤስፒኤንና ከፎክስ ጋር ውሉን ቀድሞ አደሰ። ፓክ 12 ዘገየ። ገበያ ሲወጣ ገንዘብ ያላቸው ገዢዎች ሸምተው ገብተዋል። የቀረው አፕል ነበር። አፕል ያቀረበው ክፍያው በስትሪሚንግ ደንበኛ ቁጥር ከፍ እያለ የሚሄድ ውል ነው፤ ሰው ካልገዛ ገንዘብ የለም።

ኦገስት 4 ቀን 2023 የዩኒቨርሲቲዎቹ ፕሬዚዳንቶች ይህንኑ ሊፈርሙ ይሰበሰባሉ ተብሎ ሲጠበቅ በምዕራቡ ያሉት የዋሽንግተንና የኦሪገን ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ቢግ ቴን ሄዱ። በዚያው ቀን አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ 12 ገቡ። ኮሎራዶ ከሳምንት በፊት ሄዷል። የመቶ ዓመት ማኅበር ባንድ ቀን ተበተነ። በእኔ እይታ ፓክ 12ን የገደለው የዩኤስሲ መሄድ ብቻ አይደለም፤ ያለውን ከእውነተኛ ዋጋው በላይ መገመቱም ነው።

የዘመኑን መለኪያ ለማየት ሁለት ቦታዎችን ማነጻጸር ይበቃል። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ያለው ዩጂን ውስጥ ነው። ዩጂንን እናውቃታለን፦ በ2022 የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ለተሰንበት ግደይ በ10,000፣ ጉዳፍ ፀጋይ በ5,000 ሜትር ወርቅ ያገኙባት ከተማ ናት። የሮጡበት ሄይዋርድ ፊልድም የዩኒቨርሲቲው ነው። ሕዝቧ 200,000 አይሞላም። ስታንፎርድና በርክሌይ ግን በሳን ፍራንሲስኮ ዙሪያ ናቸው፤ ከአገሪቱ አስር ትልልቅ ገበያዎች አንዱ። በ2012 ሒሳብ ቢሆን ቢግ ቴን ለሁለቱ በር ከፍቶ ይጠብቅ ነበር። በ2023 ግን የናይኪ መሥራች ፊል ናይት ለዓመታት ገንዘብ ያፈሰሰበትን፣ ሰው የሚያየውን ኦሪገንን ወሰደና ሁለቱን ተዋቸው። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ኦሪገንና ዋሽንግተን ከነባሮቹ ድርሻ ግማሽ ያህሉን ተቀብለው ነው የገቡት።

ስታንፎርድና በርክሌይ ሳይወዱ በግድ አገር አቋርጠው ኤሲሲን ለመኑ። ለሰባት ዓመት የቴሌቪዥኑን ድርሻ 30 በመቶ ብቻ ሊወስዱ ተስማሙ። አብሯቸው የገባው የዳላሱ ኤስኤምዩ ጭራሽ ለዘጠኝ ዓመት ምንም አልፈልግም አለ። ሀብታም የቀድሞ ተማሪዎቹ ክፍተቱን እንደሚሞሉለት ያውቃል። የሚገርመው፣ በመጀመሪያው ዓመቱ የኤሲሲ ፍጻሜ ደርሶ በክሌምሰን 34 ለ 31 ተሸነፈ። ወደ ብሔራዊው የጥሎ ማለፍ ውድድርም ገባ።

ኤሲሲን እስካሁን ያቆመው ውል ነው። አባላቱ እስከ 2036 የቴሌቪዥን መብታቸውን ለኮንፈረንሱ አስረክበዋል። ብትሄድ እንኳ የሜዳህ ጨዋታ የእሱ ነበር። ፍሎሪዳ ስቴትና ክሌምሰን ይህን ለመስበር ከሰሱ። በማርች 2025 በስምምነት ተዘጋ። ከስምምነቱ ዋናው ነጥብ ከቴሌቪዥኑ ገንዘብ 60 በመቶው በተመልካች ብዛት እንዲከፋፈል፣ 40 በመቶው ብቻ እኩል እንዲዳረስ ነው። እኩል የመካፈል ልማድ ከኮንፈረንሶች ምሰሶዎች አንዱ ነበር።

ሒሳቡን የሚከፍለው ሁሌ ፉትቦል ተጫዋቹ አይደለም። ፉትቦል በሳምንት አንዴ፣ በቻርተር አውሮፕላን ነው። የመረብ ኳሷ ወይም የሶፍትቦሏ ተጫዋች ግን በሳምንቱ መሐል ከሎስ አንጀለስ ኒው ጀርሲ፣ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በርራ፣ የሦስት ሰዓት ልዩነት ተሸክማ፣ ማግስቱን ክፍል ትገባለች። ዩሲኤልኤም ሙሉ በሙሉ አልተላቀቀም። እሱና በርክሌይ የአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፎች ስለሆኑ የበላይ ቦርዱ ዩሲኤልኤ ለተተወው ወንድሙ በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ፤ ጣሪያው በመጀመሪያው ዓመት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ስለዚህ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ እንጂ አልቀዘቀዘም።

ፓክ 12 ውስጥ የቀሩት ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት የተባሉት ሌሎቹ የሁለቱ ግዛቶች ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ነበሩ። ሁለቱም በትንንሽ ከተሞች ያሉ ናቸው፤ የጠራቸው አልነበረም። ፍርድ ቤት ሄደው የኮንፈረንሱን ስምና ንብረት አስከበሩ። በዚያ ገንዘብ ቦይሲ ስቴትን፣ ሳን ዲዬጎ ስቴትን፣ ኮሎራዶ ስቴትን፣ ፍሬስኖ ስቴትንና ዩታ ስቴትን አስፈረሙ፤ ጎንዛጋንም ለቅርጫት ኳሱ ጨመሩ። ለፉትቦል ቢያንስ ስምንት አባል ያስፈልግ ነበርና ከጁላይ 2026 ጀምሮ ስምንተኛው ቴክሳስ ስቴት ነው። ዩኒቨርሲቲው በኦስቲንና በሳን አንቶኒዮ ገበያዎች መሐል ነው ያለው። ከፓስፊክ ውቅያኖስ ደግሞ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።